ወንዙ ሞልቶ፣ ተወኩልም ሞልቶ

 

ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጊዱ በር ላይ ያዘኝ። ቤተሰቦቹ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ያለ ገጠር ነው ያሉት፤ በአቋራጩ ሲሄድ ብር ወንዝን በእግሩ ይሻገራል። «ኡስታዝ፣ ሞቴ ውሃ ውስጥ ከተጻፈ በድልድይ ብዞርም አልቀርም። ካልተጻፈም ሞልቶ አይወስደኝም። ታዲያ መፍራት የኢማን ጉድለት አይደለም ወይ?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም። ወሩም ሐምሌ ነው፤ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዝ በድንገት የሚሞላበት።

የዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ) ታሪክ ነገርኩት። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ስፍራ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ተማክረውም ሊመለሱ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ብለው ተከራከሩ። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሄድ መሆኑን አስረዱ። ምሳሌያቸው የእረኛ ነበር፤ አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ውስጥ ግመሎቹን ይዞ የወረደ ሰው በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነው ያሰማራው። ከብት የጠበቀ የጎጃም ልጅ ይህን ለመረዳት ተፍሲር አያስፈልገውም። ድልድዩም ቀደር ነው።

ይህን ማንኛውም ኡስታዝ ይነግራችኋል። እኔ ግን የቀረ ነገር እንዳለ ተሰማኝ፤ እሱን ያስተማሩኝ ኪታቦች አልነበሩም።

ቡሬ አካባቢ ደረሳ ሳለሁ፣ ጓደኞቼ ተሻግረው ስለነበር ብቻ የሞላውን ፈጣም ገባሁበት። ውሃው ከጉልበቴ ብዙም አይበልጥም ነበር። የሚሮጥ ውሃ ግን ጉልበት ድረስም ቢሆን እግር ይነሳል፤ መሀል ላይ ጣለኝ። ማዶ ሲያርሱ የነበሩ አንድ ክርስቲያን አባት ሞፈራቸውን ትተው እስከ ወገባቸው ገቡና ዱላ ዘረጉልኝ። ሁለታችንም ዳር ስንወጣ እየተንቀጠቀጡ፣ «ልጄ፣ አንተስ ራስህን ለፈጣሪህ ሰጠህ፤ እኔን ለማን ሰጥተህ ነው?» አሉኝ። ተወኩል ብዬ የጠራሁት ነገር የሌላ ሰው ነፍስ እንደያዘ አልታየኝም ነበር።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ስሰማ ትዝ ያሉኝ እኚያ አባት ናቸው። መጀመሪያ የወረደው ናዳ ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ሰምቶ በአካፋና በእጁ ሊያወጣቸው ሮጠ፤ እየቆፈሩ ሳለ ሌላ ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ለማዳን የመጡ ነበሩ።

እነሱን ጥንቃቄ የጎደላቸው ለማለት ምላሴ አይታዘዘኝም። አንዲትን ነፍስ ማዳን ሰዎችን ሁሉ እንደማዳን መሆኑን ከሱረቱል ማኢዳህ የምናነብ ሰዎች ነን። ደግሞስ ጎረቤቱ አፈር ስር ሆኖ ማን ቆሞ ያያል?

በሐዲስ ናዳ ወይም ፍርስራሽ የወደቀበትና ውሃ የወሰደው ሙስሊም ከሸሂዶች ተቆጥረዋል። ስንት እናት በዚህ ተጽናንታለች! ግን ለቤተሰብ የተሰጠ ማጽናኛ ነው እንጂ ለመንገደኛ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። መከለያ በሌለው ጣሪያ ላይ የሚተኛን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዴት እንዳስጠነቀቁ አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ወጣቱ ግን አልለቀቀኝም። «እሺ፣ እኔስ ዞርኩ። ሌላው ገብቶ ሲወሰድ ካየሁስ?»

ይህ ከበደኝ። በአልፕስ ተራሮች የበረዶ ናዳ ያስተማራቸው ሰዎች አደገኛውን ተዳፋት አንድ በአንድ ይሻገራሉ፤ የቀሩት ደህና ቦታ ቆመው ያያሉ። የተቀበረ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ አይጠብቁም፤ ራሳቸው ይቆፍራሉ። ከመግባታቸው በፊት ግን ከላይ ሊወርድ የቀረ በረዶ መኖሩን ያያሉ። የእኛም አፈር እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የወረደው ብዙ ጊዜ የላይኛውን ደግፎ የያዘው እግሩ ነው። መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ዛፉ ከዘመመ፣ የጠራው ምንጭ ከደፈረሰ፣ ተራራው ገና አልጨረሰም።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። ሶላቱል ኸውፍን አስቡ። ጠላት ፊት ለፊት ባለበት፣ ከአምልኮ ሁሉ በሚበልጠው ሶላት ውስጥ እንኳ፣ አላህ ግማሹ ሲሰግድ ግማሹ ቆሞ እንዲጠብቅ ደነገገ። ቆሞ የጠበቀው ከሰጋጁ ያነሰ ኢማን አለው ያለ ዓሊም የለም። ስንቆፍርም አንድ ሰው ዓይኑን ከተራራው ሳይነቅል ይቁም፤ ሲጮህም ሁሉም ይውጣ። ወንዝ ላይም ገመድ ወይም ረጅም ዱላ ከዳር ይቀድማል፤ መግባት የመጨረሻው ነው።

ወጣቱ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም» አለ።

«እንግዲያው ጠባቂው አንተ ነህ፤ ገመድ ግን ግዛ» አልኩት።