መምህሩ የማያየው እጅ

ለመሆኑ ሰው በዓይኑ ዓይቶት የማያውቀውን ፍጡር የመሳል መብት አለው? ባለፈው ክረምት ሸራ ወጥሬ፣ ብሩሽ ይዤ ከአንድ የማስተማሪያ ቪዲዮ ፊት እስክቀመጥ ድረስ ይህ ጥያቄ መሆኑንም አላውቅም ነበር።

የቪዲዮው መምህር የዱር አራዊትን በዘይት ቀለም የሚስል የባሕር ማዶ ሰው ነው። የሚስለው የሰሜን አሜሪካን ተኩላ ነው። በመጀመሪያ በተርፔንታይን የቀጠነ ቡናማ ቀለም ቀብቶ ጥላውን ከብርሃኑ ይለያል፤ ዘይት የበዛበትን ወፍራም ቀለም የሚደርበው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ከሥር ያለው ገና ሳይደርቅ የላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጸጉሩን በበቀለበት አቅጣጫ በቀጭን ብሩሽ ይጎትታል፤ በመጨረሻ ዓይኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ሲያኖር አውሬው ነፍስ ይዘራል።

እኔ ግን የአገሬን ቀይ ቀበሮ መሳል ፈለግሁ። ባሌን ዓይታ ለማታውቀው ለእኅቴ ልጅ ልሰጣት አስቤ ነበር። የተኩላውን ቅርጽ እንዳለ ወስጄ ቀይ አለበስሁት። መምህሩ «አሁን ይድረቅ» ሲል በዚያው ቅጽበት ደርቆ ይታያል። የዘይት ቀለም ግን እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። የእሱ ቅጽበት የእኔ ሳምንት ሆነች።

ሥራው ሲያልቅ፣ ባሌ ተወልደው ላደጉ አንድ ጎረቤቴ አሳየኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ እጅህ ጎበዝ ነው። ይሄ ግን እኔን ነው የሚያየኝ። የኛው የሚያየው መሬቱን ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ተኩላ ትልልቅ እንስሳ ስለሚያድን መንጋጋው ሰፊ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን በአብዛኛው የሚኖረው በፍልፈልና በአይጥ ነው፤ ስለዚህ አፈ ሙዙ ረጅምና ቀጭን፣ ሲያድን የሚያደምጠውም መሬቱን ነው። እኔ የሳልሁት በዓለም ላይ የሌለ አውሬ ነበር።

ስሕተቱ የእኔ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1515 ጀርመናዊው አልብሬሽት ዱረር፣ ከሕንድ ሊዝበን የገባውን አውራሪስ ራሱ ሳያይ፣ ከተላከ ጽሑፍና ንድፍ ተነሥቶ ሳለው። ቆዳውን የጦር ልብስ አስመሰለው፤ ጀርባው ላይም ተጨማሪ ትንሽ ቀንድ አበቀለለት። አውሮጳ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አውራሪስን በዚያ ሥዕል አወቀችው።

«ታዲያ ሥዕሉ ድንቅ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ድንቅ ነው። ቪዲዮውንም መክሰስ አይገባኝም፤ የትምህርት ቤት ደጅ ላልተከፈተለት ሰው የማይሰለች መምህር ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢጠየቅ ሺህ ጊዜ ይመልሳል። ጉድለቱ አንድ ነው፦ እኔ አየዋለሁ፤ እሱ ግን አያየኝም። እጄ ሲሳሳት ብሩሼን የሚይዝልኝ የለም። ከዚህም የሚብሰው፣ የእሱን እጅ እያየሁ አውሬውን ያየሁ መምሰሉ ነው። እጅ ከእጅ ይማራል፤ ዓይን ግን ከራሱ ከነገሩ ካልሆነ ከማን ይማራል?

እንግዲህ ያልታየውን መሳል ኃጢአት አይመስለኝም፤ ኃጢአቱ ያልታየውን «ይህ ነው» ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም የለም፤ አዋቂዎቹ ከ500 ብዙ እንደማይበልጡ ይገመታል። እነዚህ ያለቁ ዕለት የሚመሰክርላቸው ሥዕል ነው። የሐሰት ምስክር ሆኖ ቢገኝ ማን ያርመዋል?

ሥዕሉን ለልጅቷ ሰጠኋት። ከመስጠቴ በፊት ግን ከግርጌው «ቀይ ቀበሮ» ብዬ የጻፍሁትን ፋቅሁት። «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። «አንድ ቀን ባሌ ሄደን እናያለን» አልኋት። ይኸው፣ የቃል ዕዳ አለብኝ።