የብስኩቱን ጀርባ የምታነቡ ሆይ

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ሻማ ልገዛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ወዳለች አንዲት ሱቅ ጎራ አልሁ። ከፊቴ ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች ሴት ቆማለች። ብስኩት ታነሣና ጀርባውን ታነባለች። ወተት አለበት፤ ትመልሰዋለች። ሌላ ታነሣለች። ባለሱቁ «የጾም ነው እትዬ» ቢላትም አላመነችውም፤ በዓይኗ እስክታረጋግጥ ድረስ አገላበጠችው። እንዴት ያለች ጠንቃቃ ናት ብዬ በልቤ አመሰገንኋት። ወዲያው ስልኳ ጠራ። ነገሩ ስለ ወንድሟ ሚስት ነበር። «ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርሁት። ምን እንደምላት፣ በማን ፊት እንደማዋርዳት ሁሉ ጨርሻለሁ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ እሱኑ ነበር የማስበው» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ሒሳቧን ከፍላ ብስኩቷን ይዛ ወጣች።

ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሷን ብቻ ለይቼ አይደለም፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን። አንዲት ጠብታ ወተት ወደ ሆዳችን እንዳትገባ በራችን ላይ ዘበኛ አቁመናል። ወደ ልባችን ግን ቂሙም፣ ምቀኝነቱም፣ ዝሙቱም ያለ ከልካይ ይገባል፤ ገብቶም ያድራል፣ ይወልዳል፣ ይዋለዳል።

በሐልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በንግግር)፣ በገቢር (በሥራ) እየተባልን አይደለም ወይ ያደግነው? አባቶቻችን ኃጢአትን ሲዘረዝሩ ከሐልዮ የጀመሩት በከንቱ ይመስላችኋል? ዛሬ ሐልዮ ከዝርዝሩ ተፍቋል። ንስሐ አባቱ ዘንድ የሚሄደው ሰው «ጾም ሽሬአለሁ፣ ሰው ተሳድቤአለሁ» ይላል፤ ይቀኖናል፣ ይመለሳል። «አባቴ፣ ጎረቤቴን በልቤ ስገድለው አንድ ወር ሆነኝ» የሚል ግን ማን አለ? «ሐሳብ አይደል እንዴ፣ ማንን ነካሁ?» እንላለን። ማንን ነካሁ! ጌታችን በተራራው ስብከቱ ሴትን በምኞት ያየ ሰው በልቡ እንዳመነዘረ ሲናገር፣ እጁን ስለዘረጋ ሰው ነው እንዴ የተናገረው? ሰውን የሚያረክሰው በአፉ የሚገባው ሳይሆን ከልቡ የሚወጣው ክፉ ሐሳብ መሆኑንስ ያስተማረው ለማን ነው? እኛ ግን አሁንም ብስኩት እናገላብጣለን።

ጾሙን እያቃለልሁ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚተረጉምብኝ ሰው እግዚአብሔርን ይፍራ። የጾም ሥርዓት በፍትሐ ነገሥት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ የሥጋ ፈቃድ ደክሞ ለነባቢት ነፍስ እንዲገዛ መሆኑን አባቶች አስተምረውናል። እንግዲህ ሥጋው ደክሞ ነፍስ ካልነገሠች፣ የተረፈን ረኃብ ብቻ ነው።

ቃየልን አስቡት። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 እግዚአብሔር ቃየልን ያነጋገረው መቼ ነው? አቤል ከሞተ በኋላ ብቻ ነው የሚል አንብቦ አያውቅም። አቤል ገና በሕይወት ሳለ፣ በሜዳ ላይ ደም ሳይፈስ፣ የቃየል ፊት ብቻ በጠቆረ ጊዜ ነው አስቀድሞ የመጣው። ለምን ፊትህ ጠቆረ ብሎ ጠየቀው፤ ኃጢአት በደጁ እንደምታደባ፣ እርሱም ሊገዛት እንደሚገባው ነገረው። ፈጣሪ ስለ ሐሳብ ብሎ ወርዶ ሰውን መከረ። ቃየል አልሰማም። የወንድምሽን ሚስት በማን ፊት እንደምታዋርጂ ሌሊቱን ሙሉ ስትሰናጂ ያደርሽ እኅቴ፣ አንቺም በዚያች ደጃፍ ላይ ነሽ።

«ሐሳቡ እኔ ሳልጠራው ይመጣል፣ ምን ላድርግ?» የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። በአስቄጥስ በረሃ የነበረውን አባ ጴሜንን አንድ ወንድም ይህንኑ ጠይቆታል። አባ ጴሜን ወደ ውጭ አወጣውና ደረትህን ገልጠህ ነፋሱን ያዘው አለው። አልችልም ቢለው፣ ሐሳብም እንዳይመጣ መከልከል አትችልም፤ የአንተ ድርሻ መቃወም ነው ብሎ አስተማረው። መምጣቱ አያስጠይቅም። አንጥፎ፣ ትራስ አቅርቦ፣ «ንገረኝ እስኪ» ብሎ ማስቀመጥ ነው የሚያስጠይቀው። እኛ ደግሞ ቡና እናፈላለታለን።

ክፉው ሁሉ ቀንድ አውጥቶ አይመጣም። አትናቴዎስ የጻፈውን የአባ እንጦንስን ገድል የሰማ ያውቀዋል፦ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጥቶ ለወጣው ለዚያ ወጣት ሰይጣን በመጀመሪያ ያቀረበለት ስለ እኅቱ መጨነቅን፣ ስለ ዘመዶቹ ማሰብን፣ የተወውን ሀብት ማስታወስን ነበር። የዝሙቱ ፈተና የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እኅትን መውደድ ኃጢአት ነው? አይደለም። ነገር ግን ሐሳብ ከየት መጣህ፣ ወዴትስ ትወስደኛለህ ተብሎ ይጠየቃል። የብስኩት ጀርባ ከተነበበ የሐሳብም ጀርባ ይነበባል!

ካህኑ በቅዳሴ ልባችንን ወደ ላይ እንድናነሣ ሲያዝዝ በአምላካችን ዘንድ እንዳለ እንመልሳለን። በቤተ መቅደስ፣ በመሥዋዕቱ ፊት፣ በአንድ ድምፅ። ልባችን ግን ያን ጊዜ የት ነው? ገበያ ነው፣ ፍርድ ቤት ነው፣ የወንድም ሚስት ቤት ነው። ይህ በእግዚአብሔር ፊት መዋሸት ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ደግሞ እነዚህ በቲክቶክ ተቀምጠው በሃይማኖት ስም እርስ በርስ የሚዘላለፉት! አንዱ ሌላውን መናፍቅ ይላል፣ ሌላው ሌባ ብሎ ይመልሳል፤ እናቶች መቁጠሪያቸውን በእጃቸው እንደያዙ እስከ እኩለ ሌሊት ያንን ያዳምጣሉ። ከዚያ ተነሥታ ውዳሴ ማርያም የምትደግም እናት በጆሮዋ የሚጮኸው ማን ነው? ስድቡ ነው። መስቀል በአንገቱ አንጠልጥሎ ሌላውን የሚያዋርድ ሰባኪ፣ የሺህ ሰው ልብ እንዳረከሰ ይወቀው። ወተት ብንጠጣ የሚቆጣን ይህ ሰው መርዙን ግን በየስልካችን ያድለናል። አጥፉት! ስልኩን ከራስጌያችሁ አንሡት፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ይደር።

የቂሙ ሐሳብ ሌሊት ሲመጣ አትከራከሩት። ተጋድማችሁ ከሐሳብ ጋር ስትሟገቱ ያሸንፋችኋል፤ በጨለማ ውስጥ አንደበቱ ከእናንተ ይረዝማል። ተነሡ፣ ወደ ምሥራቅ ቁሙ፣ 41 ጊዜ እግዚኦ በሉ፣ ጉልበታችሁ የቻለውን ያህል ስገዱ። ተመልሶ ከመጣ እንደገና ተነሡ። ያልለቀቃችሁን ደግሞ ሳታለዝቡት፣ «በሐልዮ» በሚል አንድ ቃል ሳትሸፍኑት፣ ስሙን ጠርታችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፦ ቂም ከሆነ ቂም፣ ምቀኝነት ከሆነ ምቀኝነት።

አንቺም፣ ያን ቀን ከሱቁ የወጣሽው እኅቴ፣ ጾሙ ሳይፈታ ያቺን የወንድምሽን ሚስት በክርስትና ስሟ እየጠራሽ በጸሎትሽ አስቢያት። የክርስትና ስሟን የማታውቂ ከሆነ ደውለሽ ጠይቂያት።