የቲቸር መሳቢያ

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አንድ የግንቦት ከሰዓት ከመቀመጫዬ መነሳት አቃተኝ። ደወል ተደውሏል፤ ልጆቹ እየተጋፉ ወጥተዋል፤ እኔ ዴስኩ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ቀሚሴ ከኋላ እንደተበላሸ አውቄያለሁ። ብርድ አገር ቢሆን ሹራብ ወገብ ላይ ታስሮ ይታለፍ ነበር፤ ድሬዳዋ ግን በግንቦት ሹራብ ይዞ የሚወጣ ሰው የለም።

ቲቸር ሰሌዳ እያጠፋች ነበር። ዞር ብላ አየችኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም። የጠረጴዛዋን መሳቢያ ከፍታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሞዴስና አንድ የታጠፈ አሮጌ ሽርጥ አመጣችልኝ። «ይህን አገልድሚና ቀጥ ብለሽ ሂጂ። ሽርጧን አጥበሽ ትመልሻታለሽ» አለችኝ። በቃ። በማግስቱ ስመልስላት ለማመስገን አፌን ስከፍት «የቤት ሥራሽንስ ሠራሽ?» ብላ ወሬ አስቀየረችኝ። (ቲቸርን «አንቺ» እያልኩ የምጽፈው ንቄያት አይደለም። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም።)

አሁን ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ነኝ፤ አዲስ አበባ እሠራለሁ። ስለዚያ መሳቢያ ግን ማሰብ አላቆምኩም። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፦ አስተማሪ ከራሷ ኪስ ገዝታ ክፍል ውስጥ የምታስቀምጠው የክፉ ቀን ዕቃ የማን ነው? የሷ ነው? የልጆቹ ነው? ወይስ ሌላ ሰው መግዛት የነበረበት፣ ግን ያልገዛው?

መሳቢያው መጀመሪያ ለራሷ ነበር። ቲቸር የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይደናገራል፤ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ካላገኘ ራሱን እስከመሳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከረሜላ አስቀመጠች። ከከረሜላው ጎን መርፌና ክር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ሶፍት፣ አንድ ትርፍ ነጠላ። አስተማሪ ቆማ የምትውል ሰው ናት፤ ቀሚሷ ቢተረተር የሚተረተረው 60 ልጅ ፊት ነው።

የቀረው ዕቃ አንድ በአንድ ነው የገባው፤ እያንዳንዱም ታሪክ አለው። የእጅ ባትሪውና በላስቲክ የተጠቀለለው የወላጆች ስልክ ዝርዝር ከጎርፉ በኋላ ገቡ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ሺዎች ቤታቸውን አጡ። ደቻቱን የማታውቁ ካላችሁ፣ አብዛኛውን ዓመት ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ ላይኛው ተራራ ላይ ይዘንብና ውኃው ታች ላለው ሰው ሳያስጠነቅቅ ይደርሳል። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው የትልልቅ ሰዎች ዝምታ ነው። ቲቸር ደግሞ አንድ ነገር አሰበች፦ ሌሊት ባይሆን፣ ክረምት ባይሆን፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ቢሆኑ ኖሮስ?

ኦአርኤሱ የገባው ከሙቀቱና ከተቅማጡ የተነሳ ነው። ነገሩ በጣም ተራ ነው፤ ጨውና ስኳር። ስኳሩ ጨዉ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል፤ ውኃው ጨዉን ተከትሎ ይገባል። አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ። ብስኩቱ የገባው ሳይበሉ ለሚመጡ ልጆች ነው። ሞዴሱ ለእንደኔ ዓይነቶቹ።

የወጣም ዕቃ አለ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ ድሬ ሲገባ፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ደንጊ መሆኑ ሳይታወቅ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት የደም መፍሰስን ሊያባብስ እንደሚችል ሰማች። የራስ ምታት ኪኒኖቿን በሙሉ ወደ ቤት ወሰደች። «የማላውቀውን ልርዳ ብዬ ልጅ ልጎዳ?» አለችኝ። መርዳት ራሱ ገደብ እንዳለው መጀመሪያ የተማርኩት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ሥራ ስይዝ በየወሩ ትንሽ ብር እልክላት ጀመር። ለመሳቢያው። ደስ ይል ነበር፤ ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ምክንያቱ ሙያዬ ነው።

ሶፍትዌር ስንጽፍ አንድ የታወቀ መጥፎ ልማድ አለን። ፕሮግራሙ አንድ ቦታ ሲበላሽ ስህተቱን እንይዘውና ምንም ሳንናገር እናልፈዋለን። ኤረሩን ዋጥነው እንላለን። ተጠቃሚው አይናደድም፤ ስክሪኑ ሰላም ነው፤ አለቃም ደስ ይለዋል። ከስድስት ወር በኋላ ግን የተዋጠው ስህተት ውስጥ ውስጡን ዳታውን ሁሉ አበላሽቶ ይገኛል። መቼ እንደጀመረ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማንም አልመዘገበውማ።

የቲቸር መሳቢያስ? ውኃ የሌለበት ሽንት ቤት አለ፤ ልጅቷ ግን ሞዴስ አግኝታ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ሳይበላ የመጣ ልጅ አለ፤ ብስኩት በልቶ ተቀምጧል። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን ሲያይ ሁሉም ሰላም ነው። ወረዳው ሪፖርቱን ሲያይ ሁሉም ሰላም ነው። ስህተቱ ተውጧል፤ የዋጠችውም በደመወዟ አንዲት ሴት ናት። እኔም ብር በላክሁ ቁጥር ይበልጥ እንዲዋጥ እያገዝኩ ይሆን?

ስለዚህ መሳቢያው ይዘጋ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ጓደኛዬ ነው፤ «ችግሩ ካልፈነዳ ማንም አይነቃም» ይላል። ይህን ሐሳብ ወረቀት ላይ ልቀበለው እችላለሁ። ያቺን ዴስክ ሳስታውስ ግን አልቻልኩም። የሚፈነዳው ችግር እኮ የሆነች ልጅ ናት። አንድ ቢሮ እንዲነቃ ብለን የ13 ዓመት ልጅን ፊቷ እስኪቃጠል ማስቀመጥ መብታችን አይደለም። ለዛሬ የተራበ ልጅ መልሱ ዛሬ ነው መምጣት ያለበት።

መሳቢያው ክፍት ይሁን፣ ግን ዝም አይበል። እንዴት? እንደ ሙያዬ አሰብኩና የቴሌግራም ቦት ሠራሁ። የተማሪው ስም፣ ክፍል፣ የወሰደው ዕቃ፣ ቀን። በወሩ መጨረሻ ቆንጆ ግራፍ ያወጣል። ባለፈው ዓመት ድሬ ስወርድ ሳቢያን ቤቷ ሄጄ ሻሂ እየጠጣን በኩራት አሳየኋት።

ስልኩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«አቦ ተይ» አለች በመጨረሻ። «የተጻፈ ስም ይነበባል። ዛሬ እኔ ብቻ አነባለሁ። ነገ ሌላ ሰው ያነባል። ያን ቀን ደብተር አውጥቼ ስምሽን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሽርጧን ልትመልሺ ትመጪ ነበር?»

አልመጣም ነበር። ትምህርት ቤቱንም እንጃ።

«ግን የልጆቹ ስም መሳቢያሽ ውስጥ አለ እኮ፤ የወላጆች ስልክ ዝርዝር» አልኳት፤ መሸነፍ አልፈለግሁም።

«እሱ ላይ ሁሉም አለ» አለችኝ።

ልዩነቱ ይኸው ነው። የሁሉም ስም ያለበት ዝርዝር ማንንም አያሳፍርም። የተቸገሩት ብቻ የተለዩበት ዝርዝር ግን በጎ ሐሳብ ቢጽፈውም የሚያሳፍር ዝርዝር ነው። የሚያናድደው ደግሞ ይህን ቀድሜ የማውቀው መሆኑ ነው። በሥራችን ስህተት ሲመዘገብ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አብሮ እንዳይጻፍ እንጠነቀቃለን፤ ስህተቱን መዝግብ፣ ሰውየውን አትመዝግብ። ለባንክ አፕሊኬሽን የማከብረውን ሕግ ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ረሳሁት።

ሁለቱም የከተማችን ሃይማኖቶች ምጽዋት በስውር ይሁን ይላሉ። እኔ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ይህን ትምህርት «ስለ ችግሩ ዝም በል» ብዬ ነበር የተረጎምኩት። እንደዚያ አይመስለኝም። የሚሰወረው ሰጪውና ተቀባዩ ነው። ረሃቡ ይሰወር ያለ የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውም ተረት የኛው ነው። ሁለቱን አብረን መያዝ አለብን፦ ችግሩ ይታይ፤ ልጁ አይታይ።

ይህ በትልቁም ሲሠራ አይተናል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪዎች ምገባ የከተማው በጀት ሥራ ሆኗል፤ በመንግሥት ቅድመ መደበኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይበላል። እኔን የሚገርመኝ የምግቡ ብዛት ብቻ አይደለም። ሁሉም ስለሚሰለፍ ቤቱ ያልበላው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ብስኩት በስውር ከመስጠት የሚበልጥ ስውርነት ነው።

የሞዴሱም ነገር እንዲሁ። ፍሬወይኒ መብራህቱ የተማረችው ኬሚካል ምህንድስና ነው። ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ ነድፋ መቀሌ ውስጥ ፋብሪካ አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተባለች። ሥራዋ ዕቃ ማምረት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ወር አበባ ወንዶች ልጆችም እንዲማሩ ትደክማለች። ይህም ያው ነው። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ሲሆን አንዷን ነጥሎ የሚያሳፍራት አይኖርም።

ቦቱን አጠፋሁት። በምትኩ ቲቸር ከመሳቢያዋ አንድ ያለቀ ደብተር አወጣችና ጀርባው ላይ መስመር አሰመረች። ቀን፣ ዕቃ፣ ጭረት። ስም የለም፣ ክፍል የለም። አንድ ብስኩት አንድ ጭረት፤ አንድ ሞዴስ አንድ ጭረት።

አንድ ሴሚስተር ሙሉ ጫረች። ከዚያ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ እኔ ደመርኩት። ግራፍ አላስፈለገውም። የብስኩቱ ጭረት ሰኞ ሰኞ ይበዛል። ሁለቱን የዕረፍት ቀን ቤት ውስጥ ምን እንደነበር ጭረቶቹ ይናገራሉ፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አይናገሩም። ደብተሩን ይዛ የወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ገባች። ተአምር አልተፈጠረም፤ አልዋሻችሁም። ሰኞ ጠዋት ዳቦ የሚያመጡ ሦስት ወላጆች ተገኙ፤ ዳቦውም ለክፍሉ በሙሉ ነው የሚታደለው። የሴቶቹ ሽንት ቤት በርሜል ውኃ ተመደበለት። የሞዴሱ ጉዳይ «ለሚቀጥለው ስብሰባ» ተባለ። እስከዚያው እኔ ብር እልካለሁ፤ ደብተሩ ላይም ይጫራል።

ጽሑፉን እዚህ ልጨርሰው ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ሻሂ እየጠጣን የነገረችኝ አንድ ነገር አለ፤ እንደቀልድ ነበር የነገረችኝ።

አንድ ጠዋት የመጨረሻዎቹን ከረሜላዎች ለአንድ ልጅ ሰጥታለች። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ማንበብ አቃታት። መሳቢያውን ከፈተች፤ ባዶ። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብድግ ብላ ሮጣ ወጣች፤ በሩ ላይ ካለው ሱቅ ሚሪንዳ ይዛ ተመለሰች። በዱቤ።

«እንዴት አወቀች?» አልኳት።

«እንጃ። አባቷም ስኳር አለበት መሰለኝ።»

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን ስለ ሕመሟ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ለማንም አልተናገረችም። የሁሉን ችግር ከእፍረት የምታድን ሴት የራሷን ውጣው ኖራለች። እኔም መሳቢያዋን ሳደንቅ፣ ብር ስልክ፣ ቦት ስሠራ አንድም ቀን «አንቺስ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ለካ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ጎደሎ ነበር። ዕቃው የማን እንደሆነ ከመጠየቄ በፊት ሴትዮዋን ማን እንደሚጠብቃት መጠየቅ ነበረብኝ። ሰጪ ሰው እንደማያልቅ ዕቃ አድርገን ስናየው እሱንም እየበደልነው ነው፤ ከወደቀ ደግሞ መሳቢያውን የሚከፍት አይኖርም።

ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ ለርዕሰ መምህሩና ለጎረቤት ክፍል አስተማሪ ለመናገር ተስማማች። እሱን ስም ጠቅሰሽ ትናገሪዋለሽ አልኳት፤ የራስሽ ስም ነውና መብቱ ያንቺ ነው።

ባለፈው ሳምንት የመሳቢያውን ፎቶ ላከችልኝ። ብስኩት፣ ሞዴስ፣ ኦአርኤስ፣ ባትሪ፣ ያቺ ሽርጥ (አሁንም አለች፤ ቀለሟ ለቋል)፣ ደብተሩ። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ የሻሂ ቆርቆሮ ተቀምጣለች፤ ክዳኗ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የኔ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጧ ከረሜላ አለ። ልጆቹ በሙሉ ያውቃሉ አለችኝ፤ አንድም ልጅ አይነካትም።