የእንግዳው ደስታና የባለአገሩ ውሃ

እንግዳ ከባለቤቱ ምን ያህል ሊጠይቅ ይገባዋል? አበው «እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለት ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ብረት» ሲሉ የቆይታውን ወሰን አበጅተውለታል። ተረቱ የሚለካው ግን ቀኑን ነው እንጂ ፍላጎቱን አይደለም። እንግድነት ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ በሆነበት በዛሬው ዓለም መመርመር የሚገባው ይኸው ሁለተኛው ልክ ነው። ለምርመራው የፖርቱጋል ደቡባዊ ጠረፍ፣ አልጋርቭ፣ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ስሙን ከዐረብኛ ያገኘውና ትርጉሙ «ምዕራብ» የሆነው ይህ ምድር በዓመት 3,000 ሰዓት ያህል ፀሐይ ያገኛል። ነዋሪው ለዘመናት ዓሣ በማስገርና በለስና ብርቱካን በማልማት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1965 የፋሮ አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1966፣ እንግሊዛዊው ጎልፍ ተጫዋች ሄንሪ ኮተን በፔኒና ሩዝ ይበቅልበት የነበረውን ረግረግ ወደ መጫወቻ ሜዳ ለወጠው፤ መሬቱን ለማድረቅም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ዛፎች ተተከሉ። ኮተን የመምቻ ዱላዎቹን በአህያ አስጭኖ ይጫወት እንደነበር ይነገራል፤ በዚያ ሁሉ ለውጥ መካከል ከቀድሞው ኑሮ ተርፎ ሜዳው ላይ የቆመው አህያው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ በአካባቢው 40 ያህል የጎልፍ ሜዳዎች ይገኛሉ።

ጨዋታው በራሱ ነውር የለበትም። በተወለደበት በስኮትላንድ ጠረፍ ሣሩን የሚያጠጣው ዝናብ ነው፤ ባለሜዳውም ከተፈጥሮ ጋር አልተጣላም። በአልጋርቭ ግን በጋው ያለ ዝናብ ያልፋል። እንግዳው ፀሐዩን ፈልጎ ይመጣል፤ ፀሐዩ ያበጀውን ቡናማ ኮረብታና ቁጥቋጦ ግን ማየት አይሻም። ፀሐዩን ከአልጋርቭ፣ ሣሩን ከአገሩ ይፈልጋል። የሥነ ምግባሩ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ያለውን እንዲያቀርብ ብቻ ሳይሆን ሌላ አገር እንዲሆን ተጠይቋል።

ይኸው ሰው ጨዋታውን ጨርሶ ሲርበው ወዴት ይሄዳል? ብዙውን ጊዜ ወደ ተራው ምግብ ቤት ነው። በፖርቲማው ወደብ አጠገብ ሰርዲን በጨው ብቻ ታሽቶ ከሰል ላይ ይጠበሳል፤ በቁራሽ ዳቦ ላይ ይቀመጥና ስቡ ዳቦው ውስጥ ይሰርጋል፤ መጨረሻ ላይ የሚበላው ያ ዳቦ ከዓሣው ይበልጥ ይጣፍጣል የሚሉ አሉ። በጊያ መንደር ደግሞ ዶሮ በፒሪ ፒሪ ይቀርባል፤ ይህም በማቃጠል ከሚጥሚጣ የማይተናነስ ቃሪያ ነው። በዚህ ገበታ እንግዳው ያገኘውን ይበላል፤ ከአገሬው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቀመጣል፤ ማንም ለእርሱ ሲል ባሕሩን አልለወጠለትም።

ሆኖም ይህን ገበታ ንጹሕ አድርጎ መሳል የዋህነት ይሆናል። ፒሪ ፒሪ ከአሜሪካ አህጉር ተነሥቶ፣ በአፍሪካ ምድር በቅሎ፣ ፖርቱጋል የገባው በቅኝ አገዛዝ መንገድ ነው። ሰርዲኑም ቢሆን በ2010ዎቹ ክምችቱ ክፉኛ በመመናመኑ የሚሰገረው መጠን እንዲቀነስ ተደርጓል። ሴቶች ዓሣ ያሽጉበት የነበረ አንድ የፖርቲማው ፋብሪካም ከ2008 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል።

ለሜዳዎቹ የሚሟገቱ ወገኖችም የሚሉት አላቸው። የባሕሩ ዳርቻ ባዶ በሚሆንበት ወራት ሆቴሎችን የሚያንቀሳቅሰው፣ ለአስተናጋጁና ለአትክልተኛው ደመወዝ የሚያስገኘው ጎልፍ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ሜዳዎችም የሚጠጡት የተጣራ ፍሳሽ ውሃ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን በየካቲት 2024 ድርቁ በጠና ጊዜ መንግሥት የእርሻው ውሃ በ25%፣ የከተማውና የቱሪዝሙ በ15% እንዲቀነስ ወሰነ፤ ገደቡ የላላው ዘግይቶ፣ በዚያው ዓመት ነው። የውሃው ድርሻ ለመዝገብ አያያዝ ይመች ይሆናል። ለፍትሕ ግን በቂ አይደለም፤ የደረቀ ሣር በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ይዘራል፣ የደረቀ የብርቱካን ዛፍን ለመተካት ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ። ስለሆነም በጥም ጊዜ አስቀድሞ መጠማት ያለበት እንግዳው ነው፤ ባለአገሩ በቸርነት ቢሰጠውም እንኳ እንግዳው ራሱ እምቢ ማለት ይገባዋል።

አንዳንድ ሜዳዎች ውሃ ብዙ የማይሻ ሣር ተክለዋል፤ ኳስ እምብዛም የማይደርስበትን ዳር ዳሩንም ማጠጣት ትተዋል። ዳሩ በበጋ ቡናማ ይሆናል፤ ተጫዋቾችም መጫወታቸውን አላቆሙም።