ከመስጠት በፊት መጠየቅ

በጎ ነገር ማድረግ ብቻውን ይበቃልን? ወይስ በጎነቱ ለተቀባዩ ምን እንደሆነ መጠየቅም ይገባናል? ይህን ጥያቄ በአውስትራሊያ የሚኖሩ አንዳንድ አረጋውያን ያቀርቡልናል።

በሃያኛው መቶ ዓመት በዚያች አገር 500,000 ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተለይተው በሕፃናት ማሳደጊያዎችና በመሳሰሉት ስፍራዎች እንዳደጉ ይገመታል። ከማሳደጊያዎቹም ብዙዎቹን ያስተዳድሩ የነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ የእኛይቱ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ብዙዎቹ ሕፃናት ተደብድበዋል፤ ከወንድምና ከእኅት ተለያይተዋል፤ በስማቸው ፋንታ በቍጥር የተጠሩም ነበሩ። የአገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 መከራቸውን በዘገባ ገለጠ፤ መንግሥትም በ2009 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ።

እነዚያ ሕፃናት ዛሬ አርጅተዋል። ጉልበታቸው ሲደክም የመጦሪያ ቤት በር ይከፈትላቸዋል። አልጋው ንጹሕ፣ ምግቡ የተሟላ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ረጅሙ መተላለፊያ፣ በሰዓት የተወሰነው መኝታ፣ በባዕድ እጅ መታጠብ የልጅነታቸውን ፍርሃት ይቀሰቅሳል። ለሌላው ዕረፍት የሆነው ቤት ለእነርሱ ወደ እስር እንደ መመለስ ነው። የመርሳት ሕመም ሲጨመርበትም የቅርቡ ትዝታ ቀድሞ ይጠፋና የጥንቱ ይቀራል።

«ሁሉን በእኩል መጦር ፍትሕ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት ሥርዓት ያስፈልጋል። ሆኖም ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ እንዳስተማረን፣ ፍትሕ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነው እንጂ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ማደል አይደለም። ለእነዚህ አረጋውያን የሚገባቸው በልጅነታቸው የተነፈጉት ምርጫ ነው፦ የሚያጥባቸውን ሰው መምረጥ፣ በራቸውን በገዛ እጃቸው መዝጋት፣ የሚቻል ከሆነም በቤታቸው ሳሉ መጦር። የአገሪቱ ሕግም ልዩ ትኩረት ከሚያሻቸው ወገኖች ቈጥሯቸዋል።

ለእኛ መጽናኛ የሆነው የገዳማውያን ልብስ ለአንዳንዶቹ ድንጋጤ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ምስጋናን መጠበቅ አይገባንም። በደልን ሳያምኑ የሚሰጡት ምጽዋት ቍስልን ይሸፍን ይሆናል እንጂ አያድንም።

ጌታችን በኢያሪኮ መንገድ በርጤሜዎስን ባገኘው ጊዜ ዕውርነቱ ለሁሉ ግልጽ ነበር። እርሱ ግን ከመፈወሱ አስቀድሞ ምን እንደሚሻ ጠየቀው። እናንተም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ አረጋውያንን ስትጎበኙ በእጃችሁ የያዛችሁትን ከመስጠታችሁ በፊት እንዲሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ታግሣችሁ ስሙ።