ተገድዶ የከዳ ሰው ከሃዲ ይባላልን?

ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ፥ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ የሚወስዱት ታክሲዎች ማታ ማታ በተማሪና በሠራተኛ ይሞላሉ። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ መንገዳቸው ግን እንደ ቀድሞው ሦስት ነው። ወደ ሰበታ በዓለም ገና፥ ወደ ቡራዩ በአስኮ፥ ወደ ሱሉልታ ደግሞ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ ይኬዳል። በእነዚህ መንገዶች የሚመላለሱት ወጣቶች አማርኛንና ኦሮምኛን እያፈራረቁ ሲከራከሩ ጆሮውን የሰጠ ሰው፥ ክርክራቸው ስለ እግር ኳስ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። እኛም አንድ ምሽት ወደ ሱሉልታ ስንጓዝ፥ ከኋላችን የተቀመጡ ሦስት ተማሪዎች አንድን ሰው «ከሃዲ ነው»፥ «አይደለም» እየተባባሉ ሲሟገቱ ሰማን። የሚያውቁት ሰው መስሎን ነበር፤ ለካስ በቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ያለ ሰው ኖሯል።

ድራማው «ዘ ቫምፓየር ዳያሪስ» ይባላል። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2017 በ8 ምዕራፍ የታየ ሲሆን፥ ብዙዎቹ ወጣቶቻችን የሚያዩት በፍላሽ እያስገለበጡ ነው። ቫምፓየር ማለት ሞቶ የተነሣና የሰው ደም እየጠጣ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ስለ ጅብና ስለ ዛር ሲወራ እየሰማ ላደገ ሰው ነገሩ እጅግ እንግዳ አይሆንበትም። ተማሪዎቹ የሚሟገቱበት ስቴፋን የሚባለው ነው። ወንድሙ ዴመን ወደ ተኩላነት በሚለወጥ ሰው ተነክሶ ለሞት በተቃረበ ጊዜ፥ መድኃኒቱ ክላውስ የተባለው ኃይለኛ ደም ብቻ ስለ ነበረ፥ ስቴፋን ወንድሙን ለማዳን ራሱን ለክላውስ አሳልፎ ሰጠ። ክላውስም ፈቃድን በሚያስር ትእዛዝ አሰረውና የሚወዳትን ኤሌናን እንዲነክሳት አዘዘው። ስቴፋን በኃይሉ ሁሉ ታገለ። በመጨረሻ ግን ርኅራኄውን ከልቡ እንዲያጠፋ ታዘዘ፥ አጠፋም፥ ነከሳትም።

«ነክሷታል፤ ስለዚህ ከድቷታል» አለ አንደኛው ተማሪ። «ጥርሱ እንጂ እሱ አልነከሳትም» አለች ልጅቱ። ይህን ጊዜ ከፊታችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዞር አሉና «ልጆቼ፥ ይኼ ክላውስ የምትሉት ዛር ነው ወይስ አለቃ?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱም እየሣቀች «ሁለቱንም ነው፥ አባባ» ስትል መለሰችላቸው።

እኛ ግን የአዛውንቱን ጥያቄ እንደ ቀልድ ልናልፈው አልቻልንም። ዛር የያዘው ሰውና አለቃው ያዘዘው ሰው ሁለቱም «እኔ አይደለሁም» ይላሉ። ነገር ግን አባባላቸው አንድ ይሁን እንጂ ፍርዳቸው አንድ ሊሆን አይገባም።

አርስጣጣሊስ በልጁ በኒቆማኮስ ስም በሚጠራው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ይህን ነገር መርምሮታል። ነፋስ አንሥቶ እንደሚወስደው ሰው፥ የድርጊቱ ምንጭ ከውጭ ሆኖ አድራጊው ምንም ያልጨመረበት ሥራ በእርግጥ የግዴታ ሥራ ነው ይላል። ማዕበል በተነሣ ጊዜ መርከቡን ለማዳን ዕቃውን ወደ ባሕር የሚጥለው ሰው ሥራ ግን የተቀላቀለ ነው፤ በሌላ ጊዜ አይወደውም፥ በዚያች ሰዓት ግን መርጦ ያደርገዋል። ደግሞም ሰው ከሚያደርጋቸው ይልቅ ሞትን ሊመርጥባቸው የሚገቡ ሥራዎች አሉ ሲል ያክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም ቢሆን ሊቋቋሙት በማይቻል የአካል ግዳጅ የሠራውን ሰው አይቀጣም፤ ቅጣቱን ወደ አስገዳጁ ይመልሰዋል። ሊቋቋመው ይችል የነበረውን ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችል ይሆናል እንጂ በነጻ አይለቀውም። ሊያጠፋ አስቦ በገዛ እጁ ሰክሮ አእምሮውን የሳተውንም «አላወቅሁም ነበር» በማለቱ አያድነውም።

በዚህ ሚዛን ብንሄድ ልጅቱ ትረታለች፤ ስቴፋን በነከሳት ሰዓት ከሃዲ አልነበረም። እኛም እስከዚህ ድረስ ከእርሷ ጋር ነን። ሆኖም ይህን ፍርድ የሚፈርድ ሰው ሌላውንም ጎን ይቀበል ዘንድ ግድ ነው። በኋላ ኤሌና ራሷ በዴመን ደም ምክንያት ቫምፓየር ስትሆን፥ ዴመን የሚወደውን ሁሉ ታደርግ ዘንድ በማይታይ ገመድ ትታሰራለች። ከተመልካቾቹ ብዙዎች ይህን ያህል ለዴመን መታዘዟን እንደ ታማኝነት ቆጥረው ያመሰግኗታል። ይህ እንዴት ይሆናል? የተገደደውን ክህደት ይቅር የምንል ከሆነ፥ የተገደደውንም ታማኝነት ማመስገን አይገባንም። በአገራችን መስተፋቅር እየተባለ የሚነገረውን ነገር እናስብ። በመስተፋቅር ያገኛት ሚስት ከጎኑ ባትለይ ባልየው ምን አገኘ? የሚያቅፈው የደብተራውን መድኃኒት እንጂ የሴቲቱን ፈቃድ አይደለምና፥ ሌሊት ሲነቃ ምን እንደሚያስብ እርሱ ያውቃል።

ስለ ዛርና ስለ መድኃኒት የተናገርነው በየመሥሪያ ቤታችንም አለ። ለአለቃው ቃል የማይመልስ፥ የታዘዘውን ሁሉ የሚፈርም ሠራተኛ «ታማኝ» ይባላል፤ የማዕረግ ዕድገትም ያገኛል። ያው ሠራተኛ አለቃው በተሻረ ማግሥት ያለፈውን ጥፋት ሁሉ በአለቃው ላይ ሲጭን እንደነቃለን። ነገር ግን አልተለወጠም። ትናንትም የታዘዘው ፍርሃቱን ነበር፥ ዛሬም የሚታዘዘው ፍርሃቱን ነው፤ የተሳሳትን እኛ ነን፥ ፍርሃትን ታማኝነት ብለን የጠራን። አለቆችም ይህን ስሕተት ይወዱታል፤ ምክንያቱም የፈራ ሰው አይከራከርም።

ቡራዩ የሚለውን ስም ስንጽፍ ብዕራችን ጥቂት ይዘገያል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዚያች ከተማና በአካባቢዋ በተነሣው ሁከት ሰዎች ተገድለዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩም ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። እንዲህ ባለ ቀን ፈቃድን ለማሰር ክላውስ አያስፈልግም፤ የሕዝብ ጩኸትና በመንገድ የሚያልፍ ዱላ ይበቃል። ጎረቤቱ ሲጠራው በሩን የዘጋ ሰው «ልጆቼን ፈርቼ ነው» ቢል፥ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ሰዓት በዚያ ቤት ያልነበርን ሰዎች በሙሉ አፍ ልንፈርድበት አይገባም። ዳሩ ግን ሰዓቲቱ አልፋለች። ጸጥታ ከተመለሰ በኋላ ያ ሰው ሄዶ የጎረቤቱን በር አንኳኳን? ዓይኑን ለማየት ደፈረን? ወይስ የሰላምታ መንገዱን ለውጦ በሌላ ቅያስ መሄድ ጀመረ? ማንም ሳያስገድደው የሠራው ይህን ነውና፥ ሊጠየቅበት የሚገባውም ይኸው ነው። በኦሮሞ ባህል ካኩ የሚባለው መሐላ ትልቅ ክብር አለው፤ የሚማለውም በሰላም ቀን ነው፥ የሚፈተነው ግን በክፉ ቀን። እኛ ደግሞ ከክፉው ቀን በኋላ የሚመጣውም ቀን ያን ያህል ይፈትናል እንላለን፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ጩኸት ስለሌለ ፈተና መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ከዚያ ምሽት በኋላ ድራማውን አስገልብጠን ተመለከትነው። (በዕድሜያችን የሚገኙ ባልደረቦቻችን ሥቀውብናል፤ አንዱ ግን ሦስተኛውን ምዕራፍ ጨርሶ አራተኛውን ከእኛ ተውሷል።) ስቴፋን ከነከሳት በኋላ ያለውን ስናይ አንድ ነገር አስደነገጠን። ክላውስ ቆይቶ ትእዛዙን ያነሣለታል፤ ስቴፋን ነጻ ይወጣል። ነጻ ከወጣም በኋላ በክላውስ ላይ ሊበቀል ብሎ ኤሌናን በመኪና አፍኖ፥ የገዛ ወላጆቿ ወደ ሞቱበት ድልድይ እያበረረ ይወስዳታል። ከመግባቱ በፊት ቆመ፤ እርሷ ግን እስኪያቆም ድረስ የሆነችውን ሆናለች። በዚያች መኪና ውስጥ ማንም አላዘዘውም ነበር።

ሦስቱ ተማሪዎች ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ ስለ ንክሻው ሲሟገቱ፥ ስለ ድልድዩ አንዳቸውም አላነሡም። ያን ጊዜ ታክሲው ቆመ፤ ብርድ ስለ ነበረ ነጠላቸውንና ጃኬታቸውን ሰብስበው በየፊናቸው ሄዱ። እንደ ገና አላገኘናቸውም። ብናገኛቸው ልጅቱን የምንጠይቃት ስለ ድልድዩ ነበር።