ስለ ሰው የሚወራውና ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው

ስምንተኛው የእግዚአብሔር ትእዛዝ በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር ያዘናል። አውቆ የሚዋሽ ሰው ይህን ትእዛዝ እንደሚያፈርስ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ለመዋሸት ሳያስብ፣ ከሌላ የሰማውን አምኖ፣ ሳይጠይቅና ሳይመረምር የሚደግመውስ? ልቡ ቅን ስለ ሆነ ብቻ ከኃላፊነት ነጻ ነውን? የአገራችን ስም በአውሮፓ መጻሕፍትና ካርታዎች ላይ የተጻፈበትን ታሪክ ብንመለከት ለዚህ ጥያቄ መልስ እናገኝበታለን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1165 ዓ.ም. ገደማ «ቄስ ዮሐንስ» የተባለ፣ በምሥራቅ የሚኖር ኃያል ክርስቲያን ንጉሥ የጻፈው ነው የተባለ ደብዳቤ በአውሮፓ ተሠራጨ። ደብዳቤው ፈጠራ ነበር፤ ብዙዎች ግን እውነት መስሏቸው እየገለበጡ አሠራጩት። ንጉሡ በእስያ ተፈልጎ ታጣ፤ ቢታጣም ወሬው አልተተወም። ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያው ስም ለኢትዮጵያ ነገሥታት ተሰጠ።

በ1441 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተላኩ መልእክተኞች ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ ደረሱ። የጉባኤው አባቶች ንጉሣቸውን በዚሁ ስም ሲጠሩ በሰሙ ጊዜ፣ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የማዕርግ ስሞች መካከል እንዲህ ያለ ስም እንደሌለ አስረዱ። ባለቤቶቹ ቀርበው ተናገሩ፤ ወሬው ግን ከቃላቸው በረታ። ከሰማንያ ዓመት ያህል በኋላ ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኖሮ፣ ዐፄ ልብነ ድንግልንም ፊት ለፊት አነጋግሮ ተመለሰ። ሆኖም በ1540 ዓ.ም. በሊዝበን የታተመው መጽሐፉ ስለ ቄስ ዮሐንስ አገሮች «እውነተኛ» መረጃ የሚሰጥ መሆኑን በርእሱ ያስታውቃል። እውነተኛ የሚለው ቃልና እውነት ያልሆነው ስም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ።

በጉባኤውና በዚህ መጽሐፍ መካከል ባለው ዘመን ግን ሌላ መንገድ የሞከረ ሰው ነበረ። ይኸውም በቬኒስ አጠገብ ባለችው በቅዱስ ሚካኤል ደሴት ገዳም ይኖር የነበረው የካማልዶሊ ማኅበር አባል ፍራ ማውሮ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በብራና የሠራው፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነው ክብ የዓለም ካርታ እስከ ዛሬ በቬኒስ ተጠብቆ ይገኛል። ፍራ ማውሮ የኢትዮጵያን አውራጃዎች፣ ወንዞችና ተራሮች የዚያው አገር ተወላጆች የሆኑ መነኮሳት በገዛ እጃቸው እንደ ሣሉለት በካርታው ላይ ጽፎአል። አባይና አዋሽ በካርታው ላይ የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ሌሎች ካርታ ሠሪዎች ምድራዊቱን ገነት በምሥራቅ አገሮች መካከል ሲሥሉ፣ እርሱ ግን ከዓለም ክብ ውጭ በማዕዘን አስቀመጣት፤ ማንም ሄዶ ያላያትን ከታወቁት አገሮች ጋር አልቀላቀለም።

ይህ ሲባል ካርታው እንከን የለውም ማለት አይደለም። የቄስ ዮሐንስ ስም እዚያም ላይ ይገኛል። ከመነኮሳቱ የተገኘው የደጋው አገር ዝርዝርም ከልኩ በላይ ተለጥጦ ሰፊውን የአፍሪካ ክፍል ሸፍኖአል። እነርሱ የተናገሩት ስለሚያውቁት አገር ነበር፤ ቃላቸው ግን ወዳልመሰከሩበት ምድር ተዘረጋ። እውነተኛ ምስክርነት እንኳ ከወሰኑ ሲያልፍ ያሳስታል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። የሥነ ምግባር መምህራን ሊወገድ የማይችለውን አለማወቅ ሊወገድ ከሚችለው ይለያሉ። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው አይቶ የማያውቀው፣ ደብዳቤውን በሩቅ ገዳም የገለበጠው ጸሐፊ የሚጠይቀው አልነበረውምና በቅንነቱ ይድናል። ባለቤቱ ፊቱ ቆሞ ከተናገረ በኋላ የቀድሞውን ወሬ የደገመ ግን በዚያው ቅንነት ሊጠጋ አይችልም። አለማወቁ ምርጫ ሆኖአልና።

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው» ይላሉ። ስለ አንድ ሰው የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማው እርሱ ራሱ ነው። በየቁምስናችንም ስለ ጎረቤት ትዳር፣ ስለ እንግዳው ዘር፣ ከእኛ ስለሚለየው ሰው እምነት የምናወራው አብዛኛው ባለቤቱ በሌለበት የተሣለ ካርታ ነው። ከፍሎረንስ አባቶች የምንለየው በአንድ ነገር ነው፤ የምናማው ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣ ሳይሆን በአንድ መቅደስ አብሮን የሚቈርብ ነው። ሄዶ ለመጠየቅ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም።

ስለዚህ ስለ ሰው ከመናገራችን በፊት ራሱን እንጠይቅ፤ የነገረንን ከነገረን በላይ አንለጥጠው፤ የማናውቀውን ስፍራ ባዶ እንተወው፤ ስሜ ይህ አይደለም ሲለንም የቀድሞውን ስም እንፋቅ። ይህን ለማድረግ የሚበቃ ትሕትና ልብን ሁሉ የሚመረምር አምላክ ያድለን።